የለቅሶ ቤቱ ቆጮ

ጠና የተገደለው በጃንሆይ ዘመን፣ በሐምሌ ወር፣ ከሆመቾ ወጣ ብሎ ባለው መንደሩ፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ጎህ ቀዷል፤ ጭጋጉ ግን ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሣም ነበር። ከብቶቹን ሊያወጣ የበሩን መወርወሪያ ሲያነሣ ከውጭ የቆመ ሰው ጦር ሰደደበት። ጦሩ ከእምብርቱ በላይ ገብቶ ተቀረቀረ። ጠና አልጮኸም፤ ዘንጉን በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ገዳዩ ለመንቀል ሲታገል ዘንጉ ተሰበረና ብረቱ ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ሚስቱ ትርፊት ከምድጃው አጠገብ ቆጮ ትከትፍ ነበር። ፊታቸውን በጋቢ የጠቀለሉ ሦስት ሰዎች ባሏን ረግጠው ገቡ። አንዱ የተሰበረውን ዘንግ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው ቀይዋን ላም ከነገመዷ ጎትቶ አወጣ፤ ሦስተኛው ዱላውን አንሥቶ ወደ እሷ መጣ። እሷም የያዘችውን ትልቁን የመክተፊያ ቢላዋ በቅልጥሙ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ በዕድሜዋ ሙሉ ደረቅ እንጨት ሲሰበር በሰማች ቁጥር ያ ድምፅ ይመለስባት ነበር።

ሁለቱ ሰውየውን ጥለውት ሮጡ። እሱ በደረቱ እየተሳበ እንሰቱ መሀል ገባ። ትርፊት ባሏ ላይ ወድቃ እሪ አለች።

እሪታውን ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቷ አሳምነው ነው። አሳምነውና ጠና በአንድ ረድፍ እንሰት ድንበር ተካሰው ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ያልፍ ነበር። ያን ዕለት ግን አሳምነው ምንም ሳይናገር ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ የጠናን የተዘረገፈ አንጀት ሰብስቦ አሰረበት። ጠና የልጁን ስም፣ ጣቢታ የሚለውን፣ ግማሹን ጠርቶ እዚያው አለፈ። ጣቢታ ያን ጊዜ ሆሳዕና ተማሪ ነበረች።

ወዲያው መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የደሙን ፈለግ ተከትለው ቁስለኛውን ከእንሰቱ ውስጥ ጎትተው አወጡት። የጠና ታላቅ ወንድም ተረፈ ድንጋይ አንሥቶ ጥርሱን አረገፈው። ሌላው በዱላ፣ ሌላው በርግጫ ተረባረበበት። ሰውየው በኋላ እንደታወቀው ሽብሩ ይባላል፤ ከቦኖሻ በኩል የመጣ ነው፤ በመንደሩ ማንም አያውቀውም። ነፍሱ ልትወጣ ስትል አሳምነው እላዩ ላይ ተዘርግቶ ተኛ።

«ተው ተረፈ» አለ። «ይህ ሰው አፍ አለው። አፉን ከደፈንክበት የቀሩትን ማን ይነግርሃል?»

ተረፈ የያዘውን ድንጋይ መመለስ አልቻለም፤ የአሳምነውን ትከሻ መታው። ሰውየው ግን ሳይሞት ቀረ።

ለቅሶው እንደ አገሩ ደንብ ተደረገ። አሳምነው በተመታ ትከሻው መቃብር ቆፈረ። ከለቀስተኛው ሁሉ አምርሮ ያለቀሰው ግን የከብት ደላላው ዋለ ነው። ዋለና ጠና በአንድ ገበታ በልተው ያደጉ፣ ገበያም አብረው የሚወርዱ ወዳጆች ነበሩ። ዋለ ደረቱን እየደቃ ደም አወጣ፤ ሴቶቹ «ወዳጅ እንደ ዋለ ነው» አሉ። ትርፊት ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤቱን ስትጠርግ ዋለ ይቀመጥበት ከነበረው ምንጣፍ ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አገኘች። ከየዕለቱ ድርሻው አንዱንም አልቀመሰም፤ ሻግቷል። «ምስኪን፣ ሐዘኑ ጉሮሮውን ዘግቶት ነው» ብላ ለውሻ ሰጠችው። ስለዚህም ይበልጥ ወደደችው።

ሽብሩ በፖሊስ ጣቢያ እግሩ ሸቶ፣ ትል ወጥቶበት ተኝቷል። ጦሩን የወረወረው ወንዳፈረው የተባለ የታወቀ ወንበዴ መሆኑን ወዲያው ተናገረ። ላሟን የጎተተው ሦስተኛው ሰው ማን ነው ሲሉት ዝም አለ። የጣቢያው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ገብረክርስቶስ በዱላ ጫፍ የቆሰለውን እግሩን ነካ አደረጉለት፤ ጮኸ እንጂ ስም አልጠራም። በዚህ መሀል ተረፈ መጥቶ የድንበሩን ክርክር ለሃምሳ አለቃው ነገራቸው። ያን ቀን ማታ ሃምሳ አለቃው ቁስለኛውን «ሦስተኛው አሳምነው አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁት።

ሽብሩ ትንሽ አሰበ።

«ነው» አለ።

አሳምነው ታሰረ። ውስጥ እግሩን ገረፉት፤ አላመነም። ዘቅዝቀው አንጠልጥለው ገረፉት፤ አሁንም አላመነም። የጠና ወገኖች በበኩላቸው የአሳምነውን አጥር አቃጠሉት፤ ያንን ጭቅጭቅ ያመጣውን ረድፍ እንሰት ከሥሩ ጨፍጭፈው ጣሉት። ትርፊት ጭሱን ከደጇ ቆማ አየች። አልከፋትም። በወንጌል ካመነች ወዲህ የተማረችውን ሁሉ በልቧ ይዛ፣ ያ ጭስ ግን ደስ አላት። ሌሊት በጸሎት ስትንበረከክ ቃል አልወጣልሽ አላት።

ጥቂት ቆይቶ የአሳምነው ሚስት ብርቅዬ መጣች። በሩን አላለፈችም።

«የጣቢታ እናት» አለች፤ «ባሌን አየሁት ብለሽ ልትመሰክሪ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ገበያው ሁሉ። ጨው የምትሸጠዋ ሳትቀር።»

«እኔን ገና የጠየቀኝ የለም።»

«ሲጠይቁሽስ?»

ትርፊት ዓይኗን ወደ ተቃጠለው አጥር መለሰች።

«ባሌ ክፉ አመል አለው፤ አልዋሽሽም» አለች ብርቅዬ። «የድንበር ነገር ከተነሣ ከእናቱም ጋር ይጣላል። ግን የባልሽን አንጀት በጋቢው የሰበሰበው ማነው? ያ ጋቢ ከባልሽ ጋር ተቀበረ። ሌላ ጋቢ የለውም፤ እስር ቤት በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው።» ይህን ብላ ሄደች።

ተረፈ ግን በር ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም። ገብቶ ተቀመጠ።

«አቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለ። «የሽብሩ ቃል ብቻውን አይበቃም አሉ። አብሮ የገደለ ሰው ቃል አንድ እግር ያለው ሰው ነው፤ ብቻውን አይቆምም ይላሉ። እንደ ራሱ እንደ ሽብሩ ማለት ነው።» በአፍንጫው ሳቀ። «ሁለተኛው እግር አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ፊታቸው ተሸፍኖ ነበር።»

«ጋቢው ወለቅ አለ በያ። አንዲት ቃል ናት።»

«አልወለቀም።»

«እንግዲያው ስሚ። የወንድሜን ደም በአፍሽ ካረከስሽ የወንድሜን መሬት አታርሺም። ልጅቷም የእኛ ዘር ናት፤ እኛ ዘንድ ታድጋለች። አንቺ ወደመጣሽበት ትሄጃለሽ።» ተነሥቶ ወጣ። ዛቻው የወሬ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ተረፈ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለችሎት ሆሳዕና በመጣ ጊዜ ነገሩ ተሰማ። ሰው ከሆመቾም ከአንጋጫም ጎርፎ ግቢውን ሞላው። ወንዳፈረውም ተይዞ ነበር፤ ሽብሩ ጥፋቱን አምኖ ስለነበር በእሱና በአሳምነው ላይ እንዲመሰክር በቃሬዛ ቀረበ። ወንዳፈረው ጦሩን እንደወረወረ፣ አሳምነው ላሟን እንደጎተተ ሳይንተባተብ ተናገረ። ከዚያ ከሬሳው የወጣው የጦር ብረት ቀረበ። አንድ የአንጋጫ ቀጥቃጭ ብረቱን አገላብጦ አይቶ «የኔ ሥራ ነው፤ ለወንዳፈረው የሠራሁት ነው» አለ። የተሰበረውም ዘንግ ከወንዳፈረው ጓሮ ተቆፍሮ መውጣቱን ፖሊሶች መሰከሩ። የወንዳፈረው ነገር አከተመ። ወንዳፈረው ወደ ሽብሩ ዞሮ ምራቁን ተፋበት።

በአሳምነው ላይ ግን ከሽብሩ ቃል በቀር አንድም ነገር አልቀረበም። የመሀል ዳኛው አቶ ወልደኪዳን ሸበቶ፣ ድምፀ ዝግ ሰው ነበሩ። «አብሮ ወንጀል የሠራ ሰው» አሉ፤ «ሸክሙን በሌላ ትከሻ ላይ ለማውረድ ምክንያት አለው፤ ወዳጁን ለመሸሸግም ምክንያት አለው። ስለ አንዱ እውነት መናገሩ ስለ ሌላው እውነት ለመናገሩ ዋስ አይሆነውም። ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ከሌላ አፍ ወይም ከሌላ ነገር የሚመጣ ድጋፍ እንፈልጋለን። አለ?»

አቃቤ ሕጉ ትርፊትን ጠራ።

ትርፊት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛ ማለች። ማንበብ የተማረችው በዚያው መጽሐፍ ነው፤ ለብቻዋ፣ ማታ ማታ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች። በሐሰት ስለሚመሰክር ሰው የተጻፈውን የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ታውቃለች። ቀና ስትል የተረፈን ዓይን አየች፤ ከጎኑ ዋለ ተቀምጧል። ከወዲያ በኩል አሳምነው በሰንሰለት ቆሟል። ጥፍሮቹ ከመገረፍ ጠቁረዋል። እጆቹን አየች። እነዚያ እጆች መቃብር ቆፍረው ሲመለሱ፣ ጭቃቸውን ታጥበው፣ ከገበታዋ ቆጮ ቆርሰው ሲበሉ ትዝ አሏት። ተርቦ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቆ በልቷል።

«ላሟን የጎተተው ይህ ሰው ነው?» አለ አቃቤ ሕጉ።

በሐዲይኛ ረዘም አድርጋ መለሰች፤ አስተርጓሚው በአማርኛ «አላየሁም ትላለች» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። አስተርጓሚው ቀሪውን እንደማይናገርላት ስታውቅ በራሷ አማርኛ ቀጠለች። «ጌታዬ፣ የማንንም ፊት አላየሁም። አየሁ ብል ባሌ አይነሣም፤ እኔም እወድቃለሁ። ደግሞ ይህ ሰው በለቅሶው ከቤቴ በልቷል። በአገራችን ደም ያፈሰሰ ሰው ሽማግሌ እስኪያስታርቀው ከሟች ቤት እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ገላው ይቆስላል፣ ዘሩ ይነጥፋል ይባላል። እኔ ይህን ትቼዋለሁ። ሌላው ግን አልተወም፤ ነፍሰ ገዳይ ሁሉ ይፈራዋል።»

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ወይዘሮ ትርፊት፣ መብላትና አለመብላት በሕግ ማስረጃ አይሆንም» አሉ። «አላየሁም ማለትሽን ግን ይዘነዋል።» ችሎቱ ከምሳ በኋላ ሊቀጥል ተነሣ።

ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተረፈ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። «ጨርሰሻል» አላት። «ዕቃሽን ለማውጣት እንኳ እንዳትመለሺ።» እዚያው ተቀመጠች። ለስንቅ ያመጣችው ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ትንሽ ራቅ ብላ ብርቅዬ የታሰረውን ባሏን በእጇ ታጎርሰዋለች።

ዋለ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አይዞሽ እህቴ» አለ በለሆሳስ። «ተረፈ ተናዶ ነው። እኔ አረጋጋዋለሁ። አሁንም ቢሆን ተሳስቼ ነው ብትዪ ይሰሙሻል።»

ትርፊት እጇ ላይ ያለውን ኮባ አየች። ከዚያ ምንጣፉ ትዝ አላት፤ ከሥሩ ያገኘችው የሻገተ ቆጮም። ወደ ዋለ ቀና አለች።

«ዋለ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላህም» አለች። ኮባውን ፈታችው። «እንካ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«የጠና ቤት ቆጮ ነው። ድሮ ሳትጠራ ትበላው ነበር።»

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በለቅሶውም ጠግበህ ነበር?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ። «ከምንጣፍህ ሥር ያገኘሁትን ለውሻ ሰጠሁት። ሐዘን መስሎኝ ነበር።»

ተረፈ ዞረ። በዙሪያው ያለው ሰው ወሬውን አቆመ። ተረፈ ልቡ የደነደነ ቢሆንም ሞኝ አልነበረም፤ ከትርፊት እጅ ቆጮውን ቆረሰና በጣቶቹ ጠቅልሎ ወደ ዋለ አፍ አቀረበው።

«ብላ ዋለ» አለ። «እኔ ላጉርስህ። የወንድሜን ጉርሻ አትመልስም መቼም።»

ዋለ አፉን ገጠመ። ጉርሻው ከንፈሩ ላይ ተፈጨ። ተረፈ በሌላው እጁ ማጅራቱን ይዞ «ብላ» አለው ዳግመኛ። የዋለ እጅ ጋቢው ሥር ገባ፤ ቢላዋ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ የተረፈን መዳፍ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ቀደደው፤ ቀጥሎ ወደ ትርፊት ዞረ። በፀጉሯ ይዞ አንገቷን ወደ ኋላ ቀለበሰው። ቢላዋው ጉሮሮዋን ሲነካ ብርቅዬ የውሃ እንስራዋን አንሥታ ጭንቅላቱ ላይ ከሰከሰችው። በጉልበቱ ሲንበረከክ ፖሊሶቹ ደረሱና ሰደፍ አወረዱበት። ከሁለቱ ሴቶች ልብስ ላይ ውሃና ደም አብሮ ይንጠባጠብ ነበር።

ሽብሩ ይህን ሁሉ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ አየ። ችሎቱ እንደተሰየመ እጁን አነሣ።

«ሦስተኛው ዋለ ነው» አለ። «የቤቱን ደጃፍ ያሳየን እሱ ነው። ስሜን ካላነሣህ ልጆችህን አበላልሃለሁ ብሎኝ ነበር። አሁን ተይዟል፤ እንግዲህ ለማን ብዬ ልዋሽ?»

ዳኛ ወልደኪዳን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጠዋት አሳምነውን ስትወነጅል እንዲሁ ዓይንህ አልተርገበገበም። የዚህ ሰው ቢላዋ ለዛሬው ጥፋቱ ይጠየቅበታል፤ ለጠና ሞት ግን ቃልህ አሁንም የተባባሪ ቃል ነው። የሚደግፈው ምን አለ?»

«ላሟ አለች» አለ ሽብሩ።

ችሎቱ ለቀጠሮ ተላልፎ ላሟን ፖሊሶች ቦኖሻ ሄደው ዋለ ከብቱን በአደራ ከሚያስጠብቅበት ገበሬ ቤት አገኟት። ግራ ጆሮዋን ጥጃ ሳለች ጅብ ቀዶታል፤ ትርፊት ይህን ለፖሊስ የተናገረችው ገና ጠና በተገደለ ዕለት ነው። ገበሬው ጴጥሮስ ዋለንም ሽብሩንም የማይፈራ ሽማግሌ ነበር። «ያመጣት ዋለ ነው» አለ ምሎ። «ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር። የላሟም ጅራት ደም ነበረው። ከሆመቾ ገበያ ገዛኋት አለኝ። ያን ቀን የሆመቾ ገበያ አልነበረም፤ ዝም ያልኩት እንግዳ ውሸታም ነህ ስለማይባል ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ዳኛው እንኳ ሳቃቸውን ለመዋጥ ከንፈራቸውን ነከሱ።

አሳምነው እዚያው ተፈታ። ወንዳፈረውና ዋለ ስቅላት ተፈረደባቸው፤ ሽብሩ ዕድሜ ልክ። ፍርዱ ጸንቶ በሆሳዕና ገበያ የተሰቀሉ ዕለት ሰው እንደ ንብ ወጣ። ተረፈ ሄዶ አየ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ለሁለት ቀን እህል አልወርድልህ አለው። ትርፊት አልሄደችም። ያን ዕለት ለጠና ብቻ ሳይሆን ለሽብሩ ልጆችም ጸለየች፤ ቃልም ወጣላት።

ከቤቷ ያስወጣት ሰው አልነበረም። ተረፈ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ያን አንዱን ግን ሳያደርገው ቀረ፤ ስለ ነገሩም ደግሞ አልተናገረም።

አሳምነው የተፈታ ለት ማታ እያነከሰ መንደሩ ገባ። ብርቅዬ ወደ ቤታቸው ልታዞረው ብትል እምቢ አለና መጀመሪያ የትርፊትን በር አንኳኳ።

«የጣቢታ እናት፣ የሚበላ አለ?» አለ።

ትርፊት ሳትመልስ ገበታውን ዘረጋች። ሦስቱ እየበሉ ሳለ ተረፈ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። በድንጋይ የመታውን ትከሻ፣ ያቃጠለውን አጥር፣ ያስገረፈውን ሰው እያየ መግባትም መመለስም አቃተው።

«ግባ ጋሼ» አለች ትርፊት።

ገብቶ ተቀመጠ፤ የተቀደደው እጁ ግን መቁረስ አልቻለም። አሳምነው ትንሽ አየውና ከቆጮው ቆርሶ፣ ጎመን ጨምሮ፣ ጠቅልሎ አፉ ድረስ ወሰደለት። ተረፈ አፉን ከፈተ። ሲያኝክ እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

«የድንበሩ ነገር ግን» አለ አሳምነው፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለ፣ «ገና አላለቀም።»